ኅዳግ የሌለው ቅጽ፦ ጥያቄዎቹን ከመረጃ ቋት የሚያወጣው አሠራር ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

ፍኖተ ሰላም፦ የወረቀት ቅጽ ኅዳግ አለው። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ቅጽ "ሰብል" በሚለው ዐምድ ሥር ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ እና ዳጉሳ ብቻ ቢደረድርም፣ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የተከለ አርሶ አደር ሲመጣ መዝጋቢው ባለሙያ እስክሪብቶውን ከሠንጠረዡ ውጭ ወዳለው ባዶ ጠርዝ ወስዶ "ሽንኩርት፣ በመስኖ" ብሎ መጻፍ ይችላል። ጽሑፉ ቢንጋደድም እውነቱ በወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ኋላ የሚደምረው ሰውም አይቶ ይጠይቃል።

በታብሌት ወይም በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ ግን ኅዳግ የለውም። ከተዘረዘሩት አንዱ ካልተመረጠ ገጹ ወደፊት አይሄድም። ባለሙያውም ሰልፉን ላለማቆም ሲል "ስንዴ" የሚለውን ሊነካ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ሽንኩርቱ በማሳው ላይ እያለ ከመዝገቡ ይጠፋል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄደው ድምር የስንዴ ዘር ፍላጎትን ጨምሮ፣ የሽንኩርት ዘር ፍላጎትን ቀንሶ ይደርሳል። ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው የለም፤ ቅጹ መጀመሪያውኑ ሽንኩርት የሚባል ሰብል መኖሩን አያውቅም ነበር።

ምዝገባ፣ የማዳበሪያ ጥያቄ እና የጤና ክትትል ወደ ዲጂታል ሥርዓት በገቡ ቁጥር የዚህ ጉዳይ ክብደት ይጨምራል። ለችግሩ ከሚሠራባቸው መፍትሔዎች አንዱ፣ የቅጹን ጥያቄዎች በፕሮግራሙ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ በመረጃ ቋት ውስጥ ማኖር እና ቅጹ በተከፈተ ቁጥር ከዚያ እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት ከሚመረጡት የኮምፒውተር ቋንቋዎች አንዱ ፓይተን ነው። አሠራሩ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ በመጨረሻ የሚወስነው የአርሶ አደሩ ማሳ በትክክል መቆጠሩን ነው።

በኮድ ውስጥ የተቀበረ ቅጽ

የድረ ገጽ ቅጽ ስም የሚጻፍበት ሳጥን፣ ከዝርዝር የሚመረጥበት ቦታ፣ ቁጥር የሚገባበት ክፍት ቦታ እና መልሱን የሚልክ ቁልፍ ያሉት ገጽ ነው። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ሳጥን የፕሮግራም ባለሙያው አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ ይጽፈዋል። ጥያቄዎቹ ለማይለዋወጡበት ሥራ ይህ በቂ ነው።

የግብርና ጥያቄ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቡሬ እና በጃቢ ጠህናን አካባቢ በቆሎ እና በርበሬ ይታወቃሉ። እንደ ሰከላ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ገብስ እና ድንች ይመረታሉ። ወደ መራዊ ሲዘለቅ ደግሞ ወደ ግልገል ዓባይ በሚገባው የቆጋ ወንዝ ላይ የተገነባው ግድብ ይገኛል። በአፍሪካ ልማት ባንክ የገንዘብ ድጋፍ የተሠራው ይህ የመስኖ ፕሮጀክት 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የታቀደ ሲኾን፣ የሚለማው መሬት በ12 ብሎኮች ተከፍሏል። በዚያ የክረምቱ ሰብል ከተነሳ በኋላ በበጋው ስንዴ፣ ድንች እና ሽንኩርት ይለማሉ። በቆጋ ለሚያርስ ሰው "ውኃ የሚደርስዎት በየትኛው ብሎክ ነው?" የሚለው ዋና ጥያቄ ነው፤ ዝናብ ብቻ ለሚጠብቅ አርሶ አደር ግን ጥያቄው ትርጉም የለውም።

ጊዜም ጥያቄን ይለውጣል። አገሪቱ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመችበትን ዳፕ የተባለ ማዳበሪያ በኤንፒኤስ ስትተካ፣ "የሚፈልጉት የማዳበሪያ ዓይነት" የሚለው ዝርዝርም አብሮ መለወጥ ነበረበት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በስፋት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ የስልክ ቁጥሮች መጡ። "የስልክ ቁጥር በ09 መጀመር አለበት" የሚል ደንብ በኮድ ውስጥ የተጻፈበት ቅጽ ካለ፣ አዲሱን ቁጥር የያዘውን ሰው ስልክ እንደሌለው ቆጥሮ ይመልሰዋል።

ጥያቄው፣ ዝርዝሩ እና ደንቡ በኮድ ውስጥ ከተቀበሩ ለአንዲት ቃል ለውጥ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የፕሮግራም ባለሙያ ይጠበቃል፤ ኮዱ ተስተካክሎ ይፈተሻል፤ ከዚያም እንደገና በሰርቨር ላይ ይጫናል። የዘር ወቅት ግን ደብዳቤው እስኪመለስ አይጠብቅም።

ጥያቄው ረድፍ ሲኾን

በሁለተኛው አሠራር ጥያቄው የኮድ አካል መኾኑ ይቀርና የመዝገብ ረድፍ ይኾናል። የመረጃ ቋት ማለት ሥርዓት ባላቸው ሠንጠረዦች የተደራጀ መዝገብ ነው። ቀበሌዎች በአንድ ሠንጠረዥ፣ አርሶ አደሮች በሌላ ሠንጠረዥ እንደሚመዘገቡት ሁሉ፣ ጥያቄዎችም የራሳቸው ሠንጠረዥ ሊኖራቸው ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወረዳ የአርሶ አደሮች መመዝገቢያ ቢያዘጋጅ፣ የጥያቄዎቹ ሠንጠረዥ ይህን ሊመስል ይችላል፦

• መለያ 101፤ ጥያቄ፦ "ስም ከነአባትና ከነአያት"፤ ዓይነት፦ ጽሑፍ፤ ግዴታ ነው።

• መለያ 102፤ ጥያቄ፦ "ቀበሌ"፤ ዓይነት፦ ከዝርዝር የሚመረጥ፤ ግዴታ ነው።

• መለያ 103፤ ጥያቄ፦ "የማሳ ስፋት በቃዳ"፤ ዓይነት፦ ቁጥር፤ ደንብ፦ ከ0 በላይ።

• መለያ 104፤ ጥያቄ፦ "መስኖ ይጠቀማሉ?"፤ ዓይነት፦ አዎ ወይም አይደለም።

• መለያ 105፤ ጥያቄ፦ "የመስኖ ብሎክ"፤ ዓይነት፦ ከዝርዝር የሚመረጥ፤ የሚታየው፦ የ104 መልስ "አዎ" ሲኾን ብቻ።

• መለያ 106፤ ጥያቄ፦ "ዋና ሰብል"፤ ዓይነት፦ ከዝርዝር የሚመረጥ፤ ግዴታ ነው።

ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ሠንጠረዥ የምርጫዎቹን ዝርዝር ይይዛል። በእርሱ ውስጥ ለጥያቄ 106 "ጤፍ"፣ "በቆሎ"፣ "ስንዴ" እና "ዳጉሳ" የሚሉ አራት ረድፎች ይኖራሉ። ሽንኩርት ሲያስፈልግ የሚደረገው አምስተኛ ረድፍ መጨመር ነው። ኮዱ አይነካም፤ በሰርቨሩ ላይ እንደገና የሚጫን ነገርም የለም። ረድፉ ጠዋት ከተጨመረ፣ ከዚያ በኋላ ቅጹን ከሰርቨሩ የሚከፍት ባለሙያ ሁሉ ሽንኩርትን በዝርዝሩ ውስጥ ያገኛል።

ነገሩ ከእንጀራ ጋገራ ጋር ይመሳሰላል። ምጣዱ አንድ ነው፤ እንጀራው የጤፍ ወይም የዳጉሳ የሚኾነው በተቦካው ሊጥ ነው። ፕሮግራሙ ምጣድ፣ በመረጃ ቋቱ ያሉት ረድፎች ደግሞ ሊጥ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሊጥ አዲስ ምጣድ የሚገዛ ባለሙያ ቤት የለችም።

የፓይተን ድርሻ

ፓይተን ጊዶ ቫን ሮሰም በተባለ የኔዘርላንድስ ተወላጅ የተፈጠረና እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የቀረበ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ጽሑፍን በሙሉ በዩኒኮድ የሚይዝ በመኾኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ የተካተተውን የግእዝ ፊደል ያለ ተጨማሪ ድካም ይቀበላል። "ዋና ሰብል" የሚለው ጥያቄ በአማርኛ በመረጃ ቋቱ ሊቀመጥ እና በአማርኛ በገጹ ላይ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የድረ ገጽ ሥራን ለማቅለል በፓይተን ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አንዱ ጃንጎ ይባላል። ጃንጎ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሎውረንስ ከተማ በሚታተም የአካባቢ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። ጋዜጠኞቹ ገጾችን በፍጥነት ማዘጋጀት ይፈልጉ ስለነበር ሁለት የፕሮግራም ባለሙያዎች ለዚያ ሥራ ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ለማንም ነጻ ኾኖ ተለቀቀ። ዛሬ ከመረጃ ቋት ቅጽ ለማዘጋጀት በስፋት ይሠራበታል።

አንድ ባለሙያ ገጹን ሲከፍት በሰርቨሩ ላይ የሚከናወነው ሥራ በአራት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የጥያቄዎቹን ረድፎች በቅደም ተከተላቸው ከመረጃ ቋቱ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ረድፍ እየዞረ ዓይነቱን ያያል። ዓይነቱ "ጽሑፍ" ከኾነ የጽሑፍ ሳጥን፣ "ቁጥር" ከኾነ የቁጥር ሳጥን፣ "ከዝርዝር የሚመረጥ" ከኾነ ደግሞ የምርጫዎቹን ረድፎች የያዘ ዝርዝር ያዘጋጃል። ለዚህም ዲክሽነሪ የሚባለውን የፓይተን መዋቅር ይጠቀማል። እንደ መዝገበ ቃላት በአንድ በኩል ቃሉ፣ በሌላ በኩል ፍቺው ይቀመጣል፤ እዚህ ላይ ቃሉ የጥያቄው ዓይነት፣ ፍቺው የሳጥኑ ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፣ የተዘጋጁትን ሳጥኖች በየመለያ ቁጥራቸው ሰብስቦ አንድ ቅጽ ያደርጋቸዋል። ፓይተን ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ አዲስ የቅጽ ዓይነት እንዲፈጠር ስለሚፈቅድ፣ ቅጹ ምን ምን ሳጥን እንደሚኖረው አስቀድሞ መታወቅ አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ቅጹ ወደ ድረ ገጽ ተለውጦ ወደ ባለሙያው ታብሌት ይላካል። መልሱ ሲመለስ ፕሮግራሙ ያንኑ የጥያቄዎች ሠንጠረዥ እንደገና ተመልክቶ ደንቦቹ መጠበቃቸውን ያረጋግጣል።

በዚህ ሥራ ላይ ጀማሪ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው ስህተት አለ። የምርጫዎቹ ዝርዝር ሰርቨሩ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ ከተያዘ፣ ጠዋት የተጨመረው ሽንኩርት ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ በገጹ ላይ አይታይም። ረድፉ በመረጃ ቋቱ ውስጥ እያለ ቅጹ አያውቀውም። ዝርዝሩ መነበብ ያለበት ቅጹ በተከፈተ ቁጥር ነው።

በአገር ውስጥ የሚሠራበት

አሠራሩ ለኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ አይደለም። በጤናው ዘርፍ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደርን በታብሌት እንዲይዙ የሚያስችለው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተገነባው ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ ነው። የኮምኬር ዋና የሰርቨር ክፍል በፓይተን እና በጃንጎ የተጻፈ ሲኾን፣ ቅጾቹ እንደ መረጃ ተቀምጠው ወደ ታብሌቱ የሚላኩ ናቸው። አንዲት እናት ነፍሰ ጡር መኾኗ ከተመዘገበ የእርግዝና ክትትል ጥያቄዎች ይከፈታሉ፤ ካልኾነ አይታዩም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም ቅጹ በታብሌቱ ላይ ይሞላና መስመር ሲገኝ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር አዲስ ምርጫ ሲጨመር ታብሌቱ ዝርዝሩን የሚያገኘው በመስመር ሲገናኝ ነው፤ ስለዚህ ምዝገባ ከመውጣት በፊት ቅጹን ማደስ ያስፈልጋል።

በጥናትና በእርዳታ ሥራ ላይ የሚገኙ ድርጅቶች በብዛት የሚጠቀሙበት ኮቦ ቱልቦክስም በፓይተን የተጻፈ ነው። በእርሱ የሚሠራ ሰው ጥያቄዎቹን በኤክሴል ሠንጠረዥ፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ረድፍ፣ መጻፍ ይችላል። የጥያቄው ዓይነት፣ መለያ ስሙ እና በገጹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ በየዐምዳቸው ይገባሉ፤ ምርጫዎቹ በሌላ ገጽ ይዘረዘራሉ። ሠንጠረዡን ወደ ቅጽ የሚለውጠው በፓይተን የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ኮድ የማያውቅ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ቅጽ ማዘጋጀት የቻለው ጥያቄው ረድፍ ስለኾነለት ነው።

አርሶ አደሩ ራሱ የሚያውቀው የቅርብ ምሳሌ ደግሞ 8028 ነው። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው ይህ ነጻ የስልክ መስመር ደዋዩ በሚጫነው ቁጥር እየተመራ ወደሚፈልገው ሰብል ምክር ይወስደዋል። በድምፅ የሚቀርብ ቢኾንም አካሄዱ ከቅጹ ጋር አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ የሚወሰነው በቀደመው መልስ ነው።

"4" ስንት ነው?

ጥያቄን መለወጥ ሲቀል፣ ሳያስቡ መለወጥም አብሮ ይቀላል። የዚህ አሠራር ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው።

ከላይ በቀረበው ምሳሌ ጥያቄ 103 የማሳ ስፋትን በቃዳ ይጠይቃል። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። አንድ አርሶ አደር "4" ብሎ ካስመዘገበ በኋላ፣ ከበላይ አካል "መለኪያው በሄክታር ይኹን" የሚል መመሪያ መጣ ይባል። ሠንጠረዡን የሚያስተካክለው ሰው በረድፉ ላይ "በቃዳ" የሚለውን ሰርዞ "በሄክታር" ቢልበት፣ ለወደፊቱ ቅጹ ትክክል ይኾናል። ቀድሞ የተመዘገበው "4" ግን ማንም ሳይነካው አራት ሄክታር ኾነ። ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ቢታሰብ፣ ሁለት ኩንታል የሚገባው አርሶ አደር በመዝገቡ ስምንት ኩንታል ይጠየቅለታል። ይህ በአንድ ቀበሌ በመቶዎች ሲባዛ፣ የአንዱ ቀበሌ ትርፍ የሌላው ቀበሌ ጉድለት ይኾናል።

ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት አንድ ደንብ ይጠብቃል፦ መልስ የተሰጠበት ጥያቄ ትርጉሙ አይለወጥም። አሮጌው ረድፍ "ተዘግቷል" ተብሎ ከቀኑ ጋር ይቀመጣል፤ በሄክታር የሚጠይቀው ጥያቄ አዲስ መለያ ቁጥር፣ ለምሳሌ 107፣ ይዞ ይከፈታል። የድሮው መልስ ከድሮው ጥያቄ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል፤ ሲደመርም ለአራት ተካፍሎ ይደመራል።

መልሶቹ የሚቀመጡበት መንገድም ሊታሰብበት ይገባል። ቅጹ የሚለዋወጥ ከኾነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዐምድ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ መልሶቹ ብዙ ጊዜ ጠባብና ረጅም በኾነ ሠንጠረዥ ይያዛሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የአርሶ አደሩ መለያ፣ የጥያቄው መለያ እና መልሱ ይገባሉ። ይህ አዲስ ጥያቄ ለመቀበል ምቹ ነው። በአንጻሩ "በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙት ስንት ናቸው?" ብሎ ለመደመር የተበታተኑ ረድፎችን መልሶ ማገጣጠም ይጠይቃል። ሁልጊዜ የሚፈለጉትን ጥቂት መረጃዎች፣ ለምሳሌ ስምን እና ቀበሌን፣ በቋሚ ዐምድ ይዞ የሚለዋወጡትን ብቻ በረጅሙ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ሁለቱን ያስታርቃል።

ጥቅምት 30፣ የአያት ስም እና ሁለቱ "ሰ"

ከውጭ ተዘጋጅቶ የመጣ ቅጽ ከአገሩ ልማድ ጋር የሚጋጭባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀን ነው። በድረ ገጽ ላይ የተለመደው የቀን መምረጫ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ነው። የዘር ቀኑን "ጥቅምት 30" ብሎ የተናገረ አርሶ አደር ቀኑ በቁጥር ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን ተብሎ ቢገባ፣ ኮምፒውተሩ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበለውም። ይህ እንኳን መልካም ነው፤ ስህተቱ ይታያል። "ኅዳር 12" በሦስተኛ ወር፣ ዐሥራ ሁለተኛ ቀን ተብሎ ሲገባ ግን ማርች 12 ኾኖ በጸጥታ ያልፋል። መፍትሔው በጥያቄዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ "የኢትዮጵያ ቀን" የሚል አንድ ዓይነት መጨመር ነው። ፕሮግራሙ ለዚህ ዓይነት ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ወራትን የያዘ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ መልሱንም አስልቶ ያስቀምጣል። ዓይነቱ አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዘር ቀንም፣ ለምርት መሰብሰቢያ ቀንም ያገለግላል።

ሁለተኛው ስም ነው። የውጭ ቅጽ "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ግን ስም ከአባት እና ከአያት ስም ጋር ይጠራል። በኮድ የተቀበረ ቅጽ ከኾነ ይህን ማስተካከል ሥራ ነው፤ በረድፍ ለሚሠራ ቅጽ ግን ስምን፣ የአባት ስምን እና የአያት ስምን በሦስት ረድፎች መጠየቅ ይበቃል።

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ለሰው ዐይን "ፍኖተ ሰላም" እና "ፍኖተ ሠላም" አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው። የቦታ ስም በነጻ ሳጥን እንዲጻፍ ከተተወ አንዱ ከተማ በድምሩ ላይ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የቦታ ስሞች ከዝርዝር እንዲመረጡ ማድረግ፣ በመልስነት የሚቀመጠውም ጽሑፉ ሳይኾን የምርጫው መለያ ቁጥር እንዲኾን ማድረግ ይህን ያስቀራል። በኋላ አጻጻፉ ቢታረም እንኳ መለያው ስለማይለወጥ የቀደመው መረጃ አይበተንም።

በሩን መጠበቅ

ቅጹ ከመረጃ ቋት የሚዘጋጅ ከኾነ፣ ወደ መረጃ ቋቱ መጻፍ የሚችል ሰው ቅጹን ይቆጣጠራል ማለት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ታብሌቱ ላይ የተደረገ ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም። በገጹ ላይ የተደበቀ ጥያቄ ወይም የተከለከለ ቁጥር በቴክኒክ ዕውቀት ባለው ሰው ሊታለፍ ስለሚችል፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን መልስ ከጥያቄው ረድፍ ጋር እንደገና ማመሳከር አለበት። በዝርዝሩ የሌለ የቀበሌ መለያ ከመጣ ይመለሳል፤ የ104 መልስ "አይደለም" ኾኖ ሳለ ለ105 መልስ ቢመጣ ይመለሳል።

በረድፍ ውስጥ የተጻፈ ነገር እንደ ትእዛዝ መቆጠርም የለበትም። ፓይተን የተጻፈለትን ጽሑፍ እንደ ኮድ የሚያስፈጽምበት መንገድ አለው። አንዳንድ አዘጋጆች "ይህ ጥያቄ የሚታየው መቼ ነው?" የሚለውን ሁኔታ በኮድ መልክ በረድፉ ውስጥ ጽፈው በዚያ መንገድ ያስፈጽሙታል። ወደ መረጃ ቋቱ የገባ ክፉ ሰው ይህን ካገኘ መላውን ሰርቨር ሊያዝዝ ይችላል። ሁኔታውን በሦስት ዐምዶች መክፈል ይህን በር ይዘጋዋል፦ የትኛው ጥያቄ፣ ምን ዓይነት ንጽጽር፣ ከምን መልስ ጋር። "104፤ እኩል ነው፤ አዎ" የሚል ረድፍ መረጃ ብቻ ነው፤ ምንም ሊያስፈጽም አይችልም።

መዝገቡ በማን እጅ ይኹን?

ቴክኒኩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ረድፉን የሚጨምረው ማን ነው? ሥልጣኑ ሁሉ ከቀበሌው ርቆ በሚገኝ ቢሮ ከተያዘ፣ ቅጹ ከመረጃ ቋት መዘጋጀቱ ብዙም አይጠቅምም፤ የኮዱ ደብዳቤ በረድፍ ደብዳቤ ተተካ ማለት ነው። ለማንም ክፍት ከተደረገም አንዱ ወረዳ "ድንች"፣ ሌላው "ድንች በመስኖ"፣ ሦስተኛው "የመስኖ ድንች" እያለ ድምሩ ይበታተናል።

ለዚህ ሥራውን በየደረጃው መክፈል ይጠቅማል። እንደ ስም፣ ቀበሌ እና የማሳ ስፋት ያሉ የጋራ ጥያቄዎች ለሁሉም ወረዳ አንድ ኾነው ከላይ ይጠበቃሉ። የአካባቢውን ሰብል፣ የመስኖ ብሎክ እና የመሳሰሉትን ግን የወረዳው የግብርና ባለሙያ ያቀርባል፤ ዞኑ ተመልክቶ ያጸድቃል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረ ወይም እንደዘጋ ራሱ ሥርዓቱ ይመዘግባል።

ከሁሉ በላይ ግን በእያንዳንዱ የምርጫ ዝርዝር መጨረሻ "ሌላ" የሚል ረድፍ እና አጠገቡ የሚጻፍበት ሳጥን ሊኖር ይገባል። የወረቀቱን ኅዳግ በስክሪን ላይ የሚተካው ይህ ነው። ኅዳጉ ዋጋ የሚኖረው ደግሞ የሚያነበው ሰው ሲኖር ነው። በየሳምንቱ "ሌላ" በሚለው ሥር የተጻፉትን ዘርዝሮ የሚያሳይ ገጽ ለወረዳው ባለሙያ ቢቀርብ፣ "ሽንኩርት" በተደጋጋሚ መምጣቱን አይቶ ረድፍ እንዲጨመርለት ማድረግ ይችላል። አስቀድሞ በ"ሌላ" የተመዘገቡት አርሶ አደሮችም ወደ አዲሱ ምርጫ ይዛወራሉ።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። ባለሙያው ታብሌቱን ከመዝጋቱ በፊት የተመዘገበው ሰብል፣ የማሳው ስፋት እና መለኪያው እንዲነበብለት መጠየቅ ይችላል። "አራት" ከተባለ ቃዳ ነው ወይስ ሄክታር? "ስንዴ" ከተባለ ሽንኩርቱ የት ገባ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከተነሱ በደቂቃ ይታረማሉ፤ ማዳበሪያው እና ዘሩ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ከተነሱ ግን የሚታረሙት ለሚቀጥለው ዓመት ነው።